ኮሮጆ፣ ጠመንጃና የማግሥቱ ቀን

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ሦስታችን ኦሞራቴ ተመድበን ነበር። ኦሞራቴን ላላያት ሠልጣኝ ለማስረዳት ያህል፣ ከጂንካ ተነሥቶ ቱርሚን አልፎ ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ በኦሞ ወንዝ ዳር የሚያገኛት የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። የኬንያ ድንበር ቅርብ ነው። ወንዙን ተሻግሮ የኛንጋቶምን አገር ያለፈ ደግሞ ደቡብ ሱዳን ይገባል። ስለ ሙቀቱ አናወራም፤ የያዝነው ጠመኔ እንኳ በላባችን ይርስ ነበር ብንል ይበቃል።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ 8ኛ ክፍል ገብቶ የዜግነት ትምህርት ሲያስተምር «ምርጫ ማለት ሕዝብ መሪዎቹን በድምፁ የሚሾምበትና የሚሽርበት ሰላማዊ መንገድ ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን እንከታተል ነበር። ተማሪዎቹ መገልበጥ ሲጀምሩ አንድ ረዘም ያለ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ታጣቂዎች ለሕዝብ ነው የምንዋጋው ይላሉ አይደል? ሕዝቡ የሚወዳቸው ከሆነ እኮ ይመርጣቸዋል። ታዲያ ምርጫ ሲባል ለምን ይሸሻሉ? ድርድር ሲባልስ ለምን እንቢ ይላሉ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም እርስ በርስ ተያየን። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ተብሎ ታለፈ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን የልምምዱ ጊዜ አልቆ መኪና ላይ ነበርን። የማያውቁትን ጥያቄ ማለፍ ማስተማር ይባላል ወይ? እያልን መንገዱን ሙሉ ስንከራከር መጣን። እዚህ ከደረስን በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ መምህራኖቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነው መልስ ለዚያ ልጅም፣ ነገ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚገጥመን ለእኛ ለሠልጣኞችም ይጠቅማል ብለን እነሆ ጻፍነው።

ምርጫ ከታጣቂ የሚጠይቀው

ለሰላማዊ ሰው ምርጫ ቀላል ነገር ነው። ካርድ ማውጣት፣ መሰለፍ፣ ምልክት ማድረግ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ መክተት፣ በቃ። እዚሁ ደቡብ ኦሞ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። በ6 ዞኖችና በ5 ልዩ ወረዳዎች የተሰጠው ያ ድምፅ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን «አዎን» ቢልም «አይሆንም» ቢልም፣ ሐሳቡ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ያድራል። ምርጫን ምርጫ የሚያሰኘው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ተሸናፊው በሰላም ማደሩ።

መሣሪያ አንግቦ ጫካ የገባን ድርጅት ግን ምርጫ ሦስት ከባድ ነገሮችን ይጠይቀዋል።

አንደኛው መሣሪያ ማስቀመጥ ነው። ዛሬ ድምፁን የነፈገ መራጭ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሰጥ ይችላል። የተረከበውን ጠመንጃ መልሶ የሚሰጥ ተጋጣሚ ግን የለም። ስለዚህ ታጣቂው «ካስረከብኩ በኋላ ቃሉ ቢፈርስ ማን ያስጥለኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የፈሪ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማንኛችንም በቦታው ብንሆን እንጠይቀው ነበር።

ሁለተኛው መቆጠር ነው። ጫካ ያለ ድርጅት ስንት ደጋፊ እንዳለው ማንም አያውቅም፤ ወሬ ያገዝፈዋል፣ ጥይት ያስከብረዋል። ኮሮጆ ሲከፈት ግን ቁጥር ይወጣል። «ሕዝቡ ሁሉ ከኋላዬ ነው» ሲል የኖረ ድርጅት ከመቶ አሥር ድምፅ ቢያገኝ የቆየ ዝናው በአንድ ሌሊት ይረግፋል።

ሦስተኛው ውጤቱን መቀበል ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ይበዛል። ምርጫ አስፈጻሚዎቹን የመረጠው ማን ነው? ጣቢያውን የሚጠብቀው ወታደር የማን ነው? ራዲዮኑስ? አቤቱታ የሚሰማው ዳኛስ? እነዚህ ሁሉ የተጋጣሚው ከሆኑ፣ ታጣቂው «ዳኛውም ኳሱም የሌላው ቡድን የሆነበት ግጥሚያ» ነው የሚለው።

እንግዲህ ስናየው ከምርጫ የሚሸሽ ታጣቂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መጭበርበርን ይፈራል፤ ሌላው በትክክል መቆጠርን ይፈራል። ችግሩ ሁለቱም በአደባባይ የሚናገሩት አንድ መሆኑ ነው። «ሁኔታው ለምርጫ አያመችም» ይላሉ። እንዴት እንለያቸው? የሚጠይቁትን ማየት ነው። መጭበርበርን የሚፈራው ታዛቢ ይግባ፣ ጠባቂው ገለልተኛ ይሁን፣ የታሰረ ይፈታ ይላል፤ ያ ሲሟላለት ይመጣል። መቆጠርን የሚፈራው ግን የጠየቀው በተሟላለት ቁጥር ሌላ ይጨምራል።

ሁለቱ ሰኔ 14ቶች

ይህን በግልጽ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን በ1984 ዓ.ም. ተፈጽሟል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን በተደረገው ጉባኤ የሽግግሩ ዘመን ቻርተር ጸደቀ፣ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤትም ተቋቋመ። ኢሕአዴግ 32 መቀመጫ ሲይዝ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) 12 አገኘ። ኦነግ የሚኒስትርነት ቦታዎችም ነበሩት። እኛን መምህራንን ስለሚመለከት እናንሣው እንጂ፣ የዚያን ጊዜው የትምህርት ሚኒስትር አቶ ኢብሳ ጉተማ የኦነግ ሰው ነበሩ።

ቻርተሩ ሁኔታው በፈቀደበት ቦታ ሁሉ የአካባቢና የክልል ምክር ቤቶች ምርጫ በፍጥነት እንዲደረግ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን በአንድ መንግሥት ጣራ ሥር ሁለት ሠራዊት ነበር። የኢሕአዴግ ጦር የሽግግሩ መንግሥት መከላከያ ሆኖ ሲቆም የኦነግ ጦር የድርጅት ጦር እንደሆነ ቀረ። በየቦታው ግጭት ተነሣ። በውጭ ሸምጋዮች አማካይነት፣ ከምርጫው በፊት ወታደሮች ወደ ካምፕ እንዲገቡ ስምምነት ተደረሰ።

ከዚያ በኋላ የክስ ልውውጥ ሆነ። ኦነግ ቢሮዎቼ ተዘጉ፣ ዕጩዎቼ ታሰሩ፣ የኢሕአዴግ ወታደር በስምምነቱ መሠረት ካምፕ አልገባም አለ። ኢሕአዴግ በበኩሉ ኦነግ ሕዝቡን በጠመንጃ ያስፈራራል፣ እንደሚሸነፍ ስላወቀ ሰበብ ይፈልጋል አለ። ሰኔ 10 ቀን 1984 ዓ.ም. ኦነግ ከምርጫው ወጣ። ሰኔ 14 ቀን ምርጫው ተደረገ። በቀናት ውስጥ ኦነግ ከሽግግሩ መንግሥትም ወጣ፤ ታጣቂዎቹ ካምፑን ለቀው ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱ ብዙ አልቆየም፤ ኦነግ በሳምንታት ውስጥ ተሸነፈ። ወደ 20,000 የሚገመቱ ታጣቂዎችና በደጋፊነት የተጠረጠሩ ሰዎች ሁርሶንና ደዴሳን በመሳሰሉ ካምፖች ታሰሩ። ከውጭ የመጡ ታዛቢዎችም ምርጫው ያለጊዜው የተደረገና ዝግጅቱ ያልተሟላ ነበር የሚል ግምገማ ሰጡ።

ማን ነበር ትክክል? በኢንስቲትዩታችን ውስጥ ይህን ብንጠይቅ ሁለት ጎራ ይፈጠራል፤ እኛም ሦስት ሆነን አልተስማማንም። የተስማማንበት ግን አለ። ሁለቱም ወገኖች ስለ ምርጫው ቀን ብዙ ተከራክረዋል፤ ስለ ምርጫው ማግሥት የተያዘ አስተማማኝ ዋስትና ግን አልነበረም። ኦነግ ተሸንፎ ጦሩ የት ይገባል? ኢሕአዴግ በአንድ ክልል ቢሸነፍ ሥልጣን ያስረክባል? ይህ ሳይመለስ ኮሮጆ ወጣ። ኦነግም ከዚያ በኋላ 26 ዓመት ከሕጋዊው የፖለቲካ መድረክ ውጭ ኖረ።

በ2010 ዓ.ም. ነገሩ የተለወጠ መሰለ። ነሐሴ 1 ቀን መንግሥትና ኦነግ አሥመራ ላይ ተስማሙ፤ መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም. የድርጅቱ መሪዎች አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። «ትጥቅ ማን ይፈታል? የፈታውስ የት ይገባል?» በሚለው ላይ አለመግባባት ተነሣ። ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት ደግሞ «ሸኔ» የሚለው ኃይል ከድርጅቱ ተለይቶ ጫካ ቀረ።

ቀጥሎ 6ኛው አጠቃላይ ምርጫ መጣ። መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ተቆርጦ የነበረው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። መተላለፉን ያልተቀበለው የትግራይ ክልል ጳጉሜ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሱን ምርጫ አደረገ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በሕወሓት መካከል ጦርነት ተነሣ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና «ሸኔ»ን በአሸባሪነት ሰየመ። ኦነግና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ቢሮዎቻችን ተዘግተዋል ብለው ከምርጫው ወጡ። ከዚያ ምርጫው ተደረገ። ቀኑ ስንት ነበር ቢሉ ሰኔ 14፤ ከ1984ቱ በ29 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን!

ትግራይ ውስጥ ድምፅ አልተሰጠም። በምዕራብ ኦሮሚያ አንዳንድ ቦታዎችና በመተከል በጸጥታ ምክንያት ምርጫ አልተደረገም። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ሕዝቡ እስከ ሌሊት ተሰልፎ መርጧል፤ ይህን ማሳነስ አይገባም። ይሁን እንጂ ድምፅ የተሰጠበት ቦታ ምክር ቤት ሲያስገኝ፣ ጦርነት ያለበት ቦታ ጦርነቱን እንደያዘ ቀረ። ምርጫው የቆጠረው ሊቆጠር የመጣውን ነው፤ ያልመጣውን አላስታረቀም።

አንጎላና ሞዛምቢክ

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስል ወደ ደቡባዊ አፍሪካ እንሻገር። አንጎላና ሞዛምቢክ ሁለቱም የፖርቱጋል ቅኝ ነበሩ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃ ወጡ፤ ሁለቱም የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገቡ። የሰላም መንገዳቸው ግን ለየቅል ሆነ።

በአንጎላ መንግሥትና የዮናስ ሳቪምቢ ድርጅት ዩኒታ እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ተስማሙ። ሁለቱ ጦር ተዋሕዶ አንድ እንዲሆንና ምርጫ እንዲደረግ ተወሰነ። ከተባበሩት መንግሥታት የተላኩት ጥቂት መቶ ታዛቢዎች ነበሩ። ሴፕቴምበር 1992 ምርጫው ሲደርስ የሁለቱ ጦር ውሕደት ገና አላለቀም ነበር። ፕሬዚዳንት ዶስ ሳንቶስ ከመቶ 50 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድምፅ ሲያገኙ፣ ሳቪምቢ ከመቶ 40 ያህል አገኙ። ሁለተኛ ዙር ያስፈልግ ነበር። ሳቪምቢ ተጭበርብሯል አሉ፤ ጦራቸው በእጃቸው ስለነበረ ወደ ጦርነት ተመለሱ። ጦርነቱ የቆመው ሳቪምቢ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተገደሉ በኋላ ነው። ዐሥር ዓመት ማለት ነው።

በሞዛምቢክ መንግሥትና ሬናሞ የተባለው ታጣቂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1992 ሮም ላይ ተፈራረሙ። የአንጎላ ደም ገና አልደረቀምና ሁሉም ትምህርት ወሰደ። ለ1993 ታስቦ የነበረው ምርጫ በአንድ ዓመት ተገፋ፤ ትጥቅ ማስፈታቱ መቅደም አለበት ተባለ። የተባበሩት መንግሥታት ብዙ ሺህ ወታደር ላከ። ሬናሞ ከታጣቂነት ወደ ፓርቲነት እንዲለወጥ የገንዘብ ድጋፍ ተደረገለት። እንዲያም ሆኖ በምርጫው ዋዜማ የሬናሞ መሪ ድላካማ «ወጥቻለሁ» አሉ! ሸምጋዮች ሌሊቱን ሙሉ ለመኗቸው፤ በማግሥቱ ተመለሱ፤ የድምፅ መስጫው ጊዜም በአንድ ቀን ተራዘመ። ሬናሞ ተሸነፈ፤ ነገር ግን ከ250ው የምክር ቤት መቀመጫ 112ቱን አገኘ። መሪዎቹ ጫካ መግባት ትተው ምክር ቤት ገቡ። ይህም ፍጹም ሰላም አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሬናሞ እንደገና መሣሪያ አንሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሌላ ስምምነት ፈርሟል። ቢሆንም ያ ሃያ ዓመት ልጆች የተማሩበት ጊዜ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰዎቹ ደግነት አይመስለንም፤ ድላካማም እንደ ሳቪምቢ ጠርጣሪ ነበሩ። ልዩነቱ የሥራው ቅደም ተከተልና ለተሸናፊው የተዘጋጀው ቦታ ነው።

ድርድርስ ለምን ይፈራል?

የተማሪያችን ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። ድርድር መሣሪያ አስቀምጡ አይልም፤ ኑና ተቀመጡ ብቻ ነው የሚለው። ታዲያ ምኑ ይፈራል?

የመጀመሪያው ፍርሃት ከጠላት ሳይሆን ከወገን ነው። ዓመታት ሙሉ «ከዚህ መንግሥት ጋር ሰላም የለም» ሲል የኖረ መሪ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ የራሱ ተዋጊ «ሸጠን» ይለዋል። አንዱ ሲፈርም ሌላው ይገነጠላል። በ2011 ዓ.ም. የሆነው አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ስለ ስም ነው። መንግሥት «ከወንበዴ ጋር አልደራደርም» ሲል፣ ታጣቂው «እንደ ሽፍታ ተጠርቼ አልመጣም» ይላል። ገና ቁም ነገሩ ሳይጀመር በስያሜው ወራት ያልፋሉ።

ሦስተኛው የድርድሩ ርእስ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዳሬ ሰላም፣ ታንዛኒያ ውስጥ የኢትዮጵያ መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ጊዜ ያለ ስምምነት ተለያዩ፤ አንዱ በሌላው ላይ አሳበበ። በጠቅላላው ሲታይ መንግሥት «ትጥቅ ፍቱና በሕጉ ውስጥ ግቡ» ሲል፣ ታጣቂ ደግሞ «መጀመሪያ የፖለቲካው ጥያቄ ይመለስ» ይላል። አንዱ የበሩን ቁልፍ ሲጠይቅ ሌላው የቤቱን ካርታ ይጠይቃል።

አራተኛው ያልተጠራው ሰው ነው። ይህን ያስረዱን ኦሞራቴ ያገኘናቸው አንድ የዳሰነች ሽማግሌ ናቸው፤ ተማሪ አስተርጓሚ ሆኖልን ነበር። ዳሰነች ከቱርካና፣ ከሐመር፣ ከኛንጋቶም ጋር በግጦሽና በውኃ ይጣላል፤ ይታረቃልም። «አባባ፣ ዕርቁ ለምን ይፈርሳል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ሽማግሌ ነው» አሉን። «ከብቱንና ጠመንጃውን የያዘው ግን ጎረምሳው ነው። እሱ ርቆ ካለው የከብት ሠፈር መጥቶ ካልሰማ፣ ዕርቁ ከዛፉ ጥላ አይወጣም።»

ይህን ይዘን ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመውን ስምምነት ብናይ ብዙ ይገባናል። የፌዴራሉ መንግሥትና ሕወሓት ፈረሙ፤ ሁለት ዓመት የፈጀው ያ ትልቅ ጦርነት ቆመ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በጦርነቱ የተሳተፉ ኃይሎች ሁሉ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያው ሲበረታ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለግጭቱ ሌላም ምክንያት አለው። ግን «ስለ እኛ ያለ እኛ ተወሰነ» የሚል ቅሬታ አንዱ እንደነበር የማይካድ ነው።

ከወንዙ ማዶ

ኦሞራቴ ሆነን ወደ ምዕራብ ስንመለከት ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ትምህርቱን ያሟላልናል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ነፃ አገር ሆነች፤ በዲሴምበር 2013 የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ዶክተር ሪያክ ማቻር የተሻሻለውን የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ጄኔራል ቶማስ ሲሪሎ የሚመሩት የብሔራዊ መዳን ግንባር ግን ስምምነቱ የጦርነቱን መንሥኤ አልነካም ብሎ ሳይፈርም ቀረ። ሁለቱን ጦር አንድ ማድረጉም እየተጓተተ፣ ምርጫው ቀጠሮ እየተያዘለት እየተሻረ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ለዲሴምበር 2024 የተቆረጠው ወደ ዲሴምበር 2026 ተገፋ። ዶክተር ማቻር ራሳቸው በማርች 2025 በቁም እስር ዋሉ።

ከዚህ የምንማረው ሌላው ገጽ ነው። አንጎላ ያለ ዝግጅት ቸኩላ ወደቀች፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ «ዝግጅቱ አልተሟላም» እያለች ዓመታት ቆጠረች። ማዘግየት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የተራዘመው ጊዜ ትጥቅ ማስፈታቱና ጦሩን ማዋሐዱ ካልተሠራበት፣ ያው ዞሮ ዞሮ ሕዝቡ ያለ ድምፅ ይቀራል።

ታዲያ ታጣቂው እውነት አለው ማለት ነው?

አይደለም! የጻፍነው እንዲህ ተብሎ እንዳይወሰድብን እንፈራለን። የአንድን ሰው ፍርሃት መረዳት ማለት ሥራውን ማጽደቅ ማለት አይደለም። ምርጫን አልቀበልም ማለት አንድ ነገር ነው፤ መራጩን ማስፈራራት፣ አስፈጻሚውን ማፈን፣ ምርጫ ጣቢያ ማቃጠል ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡን «አንተ አታውቅም፣ እኔ አውቅልሃለሁ» ማለት ነው፤ ለሕዝብ እዋጋለሁ የሚለውን ቃል ራሱ ያፈርሰዋል።

በሌላ በኩል መንግሥትም ከሐሜት አይድንም። ምርጫ ማድረግ ብቻውን ጥያቄ አይመልስም። ሩቅ ሳንሄድ፣ በ1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ፣ ቀጥሎም የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደርጎ ነበር። በሰሜን ግን ጦርነቱ ይነድ ነበር። በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥትና ሻዕቢያ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት አትላንታ ላይ ድርድር ጀመሩ፤ ፍሬ ግን አላፈራም። ከሸንጎው ምርጫ በኋላ አራት ዓመት ሳይሞላ መንግሥቱ ወደቀ። ተቀናቃኝን ያላካተተ ኮሮጆ ሙሉ ቢሆንም የጎደለው አለው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

በቅርቡ ተመርቀን በየገጠሩ እንመደባለን። በገጠር ምርጫ ሲደርስ አስፈጻሚ ሆኖ የሚመለመለው ብዙ ጊዜ ማን ነው? መምህሩ። መዝገቡን የሚጽፈው፣ ጣት የሚቀባው፣ ሌሊት በፋኖስ ድምፅ የሚቆጥረው እሱ ነው። ጣቢያውም አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ኮሮጆና ጠመንጃ ሲጋጩ መካከላቸው የሚቆመው መምህር ነው። አንዱ ወገን «ለምን አስመረጥክ?» ይለዋል፤ ሌላው «ለምን አላስመረጥክም?» ይለዋል። ግጭቱ ሲከፋ ደግሞ ቀድሞ የሚዘጋው ትምህርት ቤት ነው። በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ አያሌ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ የተለዩት በዚሁ ነው። የእነዚያ ሕፃናት እኩዮች እኮ ናቸው ኦሞራቴ ላይ እጃቸውን አውጥተው የጠየቁን።

እንግዲህ ምን እንሥራ? ሠራዊት አናዝዝም፤ ድርድርም አንጠራም። ክፍል ግን አለን። ከመካከላችን አንዱ በልጅነቱ ያየውን እናጫውታችሁ። በክፍሉ አለቃ ሲመረጥ ሁለት ልጆች ተወዳደሩ። ያሸነፈው ልጅ በማግሥቱ የጽዳት ተራ ሲያወጣ የተሸነፈውንና ደግፈው እጅ ያወጡለትን ልጆች በሙሉ ለሳምንቱ ክፍል ጠራጊ አደረጋቸው። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ምርጫ ሲባል እነዚያ ልጆች አንወዳደርም፣ እጅም አናወጣም አሉ። መምህሩ «ረባሾች» ብለው አንበረከኳቸው። እነሱ ግን ምርጫን አልጠሉም፤ የጠሉት መጥረጊያውን ነው።

ለዚያ ልጅ ልንሰጠው የሚገባን መልስ ይህ ይመስለናል። «አንዳንዱ ታጣቂ ቢቆጠር ትንሽ መሆኑ እንዳይታወቅበት ይሸሻል፤ ይህን ሕዝቡ ሊያውቅበት ይገባል። አንዳንዱ ግን ከተሸነፈ በማግሥቱ መጥረጊያው፣ ይባስ ብሎ እስር ቤቱ እንደሚጠብቀው ስለሚያምን ይሸሻል። የመጀመሪያውን በትክክለኛ ቆጠራ ማጋለጥ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን የተሸናፊ ቦታ ምን እንደሆነ አስቀድሞ በማሳየት እንጂ በኮሮጆ ብዛት ማምጣት አይቻልም።»

በሚቀጥለው ልምምድ ክፍል አለቃ ስናስመርጥ፣ እጅ ከማስወጣታችን በፊት ተማሪዎቹን አንድ ነገር ልንጠይቃቸው ተስማምተናል፤ «የተሸነፈው ልጅ ነገ ምን ይሆናል?» ብለን። ደንቡን ራሳቸው ይጻፉት፣ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከዚያ ይምረጡ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከነዚያ ልጆች አንዱ ነገ ምርጫ አስፈጻሚ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ዕጩ ተወዳዳሪ ይሆናል።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን፣ በተለይም የሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም.ን ምርጫ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ከጽሑፋችን ሥር ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልን። ስሕተታችንን የሚያርመንን እናመሰግናለን። ለኦሞራቴው ተማሪ ግን ደብዳቤውን ልከንለታል፤ ዕዳችንን ዘግይተንም ቢሆን ከፍለናል።